ሳትታመም ያሳመመችው ምግብ አብሳይ፦ ሜሪ ማለን

ሜሪ ማለን እ.ኤ.አ. በ1869 በአየርላንድ፣ ኩክስታውን ከተማ ተወለደች። በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ወደ አሜሪካ ተሰዳ በኒው ዮርክ ባለጸጎች ቤት ምግብ አብሳይ ሆነች። ሙያዋ የተመሰከረለት፣ ደመወዟም ከሌሎች የቤት ሠራተኞች የተሻለ ነበር።

በ1906 ኦይስተር ቤይ በተባለ ስፍራ፣ እርሷ ታበስልበት በነበረ ቤት ከሚኖሩት 11 ሰዎች 6ቱ በታይፎይድ ታመሙ። ጉዳዩን የመረመረው መሐንዲስ ጆርጅ ሶፐር ቀድሞ የሠራችባቸውን ቤቶች ሲያጣራ፣ በአብዛኞቹ ይኸው በሽታ ተከሥቶ አገኘ። በ1907 የጤና ባለሥልጣናት በፖሊስ አስገድደው ወሰዷት፤ በምርመራውም የታይፎይድ ጀርም ተገኘባት። ጀርሙ በሰውነቷ ውስጥ ቢኖርም እርሷን አላሳመማትም። ስለዚህ ጤነኛ መሆኗን እያነሣች ውጤቱን ሳትቀበል ቀረች።

ኖርዝ ብራዘር በተባለች ደሴት ተለይታ እንድትቆይ ተደረገ። በ1909 ወንጀል ሳልሠራ ታስሬአለሁ በማለት ለፍርድ ቤት አቤት ብትልም አልተሳካላትም። በ1910 ዳግም ምግብ ላታበስል ቃል ገብታ ተለቀቀች። የተተካላት የልብስ አጠባ ሥራ ግን ገቢው አነስተኛ ነበር። ስሟን ቀይራ ወደ ማዕድ ቤት ተመለሰች። በ1915 በምትሠራበት የእናቶች ሆስፒታል 25 ሰዎች ታመሙ፤ ሁለቱም ሞቱ። እንደገና ወደ ደሴቲቱ ተወስዳ፣ ከ23 ዓመታት በኋላ በ1938 እዚያው አረፈች። በዚያው ዘመን ጀርሙን መሸከማቸው የታወቀ ሌሎች ሰዎች ግን በነፃነት ይኖሩ ነበር።

የታይፎይድ ክትባት በዚያን ጊዜም ነበረ፤ የአሜሪካ ጦር በ1911 ለወታደሮቹ ግዴታ አድርጎታል። ክትባቱ ግን በላተኛውን ይጠብቃል እንጂ ከተሸካሚው ሰውነት ጀርሙን አያስወጣም።

በሥራ ቦታ ስለ ክትባትና ስለ ግል ምርጫ በሚደረግ ክርክር፣ ታሞ የዳነ ሰው ራሱን እንደ ተጠበቀ ሊቆጥር ይችላል። በሽታ ሁሉ እንደ ታይፎይድ ባይሆንም፣ ራስን መጠበቅና ሌላውን አለመጉዳት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን የሜሪ ሕይወት ያሳያል። የጤና ምርመራ ውጤት እንጀራቸውን የሚወስንባቸው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቤቱ የሚሠሩ እኅቶቻችን ፍርሃቷን ይረዱታል። ለብዙኃን ደኅንነት ሲባል ሥራውን እንዲተው የሚታዘዝ ሰው፣ በምትኩ የሚኖርበት ነገር ሊሰጠው ይገባል። ሜሪ ይህ አልተደረገላትም፤ ዋጋውንም እርሷ ብቻ ሳትሆን በሆስፒታሉ የታመሙትና የሞቱትም ከፈሉት።