መልቀቂያ የተከለከለው ሰው፦ ከርት ፍለድና የአገልግሎት ዘመን ሒሳብ

(ከዱርንፎንቴን፣ ጆሃንስበርግ)

ዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ለረጅም ዘመን ቆሞ የነበረውን የአር ኤፍ ኬ ስታዲየም ታውቁታላችሁ። በ1971 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያ ሜዳ የዋሽንግተን ሴኔተርስ የቤዝቦል ቡድን ቤት ነበር። በዚያ ዓመት ለቡድኑ የተሰለፈ አንድ የ33 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ 13 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ፣ የ110 ሺሕ ዶላር ውሉን ትቶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ከአገሩ ወጣ። ከርት ፍለድ ይባላል። በቤዝቦል ዘመናቸው እንደ እሱ የተዋጣላቸው ብዙ ናቸው፤ እንደ እሱ አሠሪዎቹን ሁሉ በአንድ ላይ ፍርድ ቤት ያቆመ ግን አልነበረም።

እኔ የምኖረው ዱርንፎንቴን፣ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም አጠገብ ነው። በዚህ ሰፈር ወሬው ራግቢና እግር ኳስ ነው፤ ስለ ቤዝቦል የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ታዲያ አንተን ምን አገባህ ለሚለኝ አንባቢ መልሴ አጭር ነው። የአገልግሎት ዘመን የሚባለው ነገር ያገባኛል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ እርከኑም፣ እድገቱም፣ ጡረታውም የሚቆጠረው በአገልግሎት ዘመን ነው። እኔ ራሴ ባስተማርኩበት ተቋም ያጠራቀምኳቸው ዓመታት በአንዲት ገጽ ደብዳቤ ከንቱ ቀርተዋል። እነዚህ ዓመታት መቼ ለሠራተኛው እንደሚቆጠሩ፣ መቼ ደግሞ በእሱ ላይ እንደሚቆጠሩ ከፍለድ ሕይወት የበለጠ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ የለም።

ከርት ፍለድ የተወለደው በጥር 1938 ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ሄደ። የተማረበት የማክላይመንድስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅርጫት ኳስ ቢል ራስልን፣ በቤዝቦል ፍራንክ ሮቢንሰንን ያፈራ የድሆች ሰፈር ትምህርት ቤት ነው። በ1956 ለሲንሲናቲ ቡድን በ4 ሺሕ ዶላር ፈረመና ወደ ታችኛው ሊግ፣ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተላከ። በኦክላንድ ያደገ ልጅ ደቡብን አያውቀውም ነበር። ቡድኑ ምግብ ቤት ሲገባ እሱ አውቶቡስ ውስጥ ይቀራል፤ ነጮቹ ጓደኞቹ ሆቴል ሲያድሩ እሱ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ማደሪያ ይፈልጋል። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ሲኖር በመሐል ማሊያው ለእጥበት ይሰበሰባል፤ የእሱን ማሊያ ሠራተኛው በእጁ አልነካም ብሎ በዱላ አንስቶ ወደ ጥቁሮች ልብስ አጣቢ ልኮታል። ሌሎቹ ለብሰው ሜዳ ሲወጡ ፍለድ ልብሱ እስኪመለስ ራቁቱን ተቀምጦ ጠበቀ። ይህ ሁሉ እየሆነ በዚያው ዓመት 29 ጊዜ ኳሷን ከሜዳ ውጪ መትቶ አወጣ።

በ1957 መጨረሻ ሲንሲናቲ ወደ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ አሳልፎ ሰጠው። በዚያም 12 የውድድር ዘመን ተጫወተ። ቦታው ከሜዳው ጀርባ መሐል ላይ ነው፤ ርቃ የተመታችውን ኳስ ሮጦ መቅለብ። ከ1963 እስከ 1969 ድረስ በተከታታይ ሰባት ጊዜ የቦታው ምርጥ ተብሎ የወርቅ ጓንት ተሸለመ። በ1966 ዓመቱን ሙሉ አንዲት ስሕተት አልሠራም። ቡድኑም በ1964ና በ1967 የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። በ1968 በመጨረሻው ወሳኝ ጨዋታ አንዲት ኳስ አቅጣጫዋን አሳስታው ካርዲናልስ ተሸነፈ፤ ሰዉም ያቺን ኳስ አልረሳለትም። በ1969 ደመወዙ 90 ሺሕ ዶላር ደርሶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ለማንም ተጫዋች ከፍተኛ ገንዘብ ነው።

በጥቅምት 1969 አንድ ንጋት ላይ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ የቡድኑ ባለቤት፣ የቢራ ባለጸጋው ኦገስት ቡሽ አልነበረም፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም አልነበረም፤ ከበታች ሠራተኞች አንዱ ነበር። ፍለድ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለፊላደልፊያ ተሰጥቷል፤ በምትኩም ሦስት ተጫዋቾች መጥተዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለበት ከተማ፣ ቤቱ፣ የጀመረው ንግድ በአንድ የስልክ ጥሪ አበቃ።

እዚህ ላይ የማቆያ አንቀጽ የሚባለውን ማስረዳት አለብኝ። የእያንዳንዱ ተጫዋች ውል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑ ብቻውን ለአንድ ዓመት ሊያድሰው ይችላል ይላል። ባለቤቶቹ ይህን የተረጎሙት የታደሰውም ውል እንደገና ይታደሳል፣ እንዲህ እያለ እስከ ዘላለም ይቀጥላል ብለው ነው። እኛ አገር መልቀቂያ የሚባለውን ወረቀት የተከለከለ ሠራተኛ ያያችሁ ነገሩ ይገባችኋል፤ የቤዝቦሉ ግን የባሰ ነው። መልቀቂያ የተከለከለ ሠራተኛ ቢያንስ ሌላ ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ተጫዋቹ ግን በሙያው የሚቀጥረው ሌላ ቡድን በአገሩ ሁሉ የለም። ደመወዙንም የሚወስነው ባለቤቱ ነው። አልቀበልም ያለ ቤቱ ይቀመጣል። አንድ ዓመት ቢያገለግል አሥራ አምስት ዓመት፣ ለውጥ አልነበረውም።

ይህ ዕዳ የአሜሪካ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ እግር ኳስ ጆርጅ ኢስትሃም በተመሳሳይ ደንብ ላይ ከኒውካስል ጋር ተሟግቶ በ1963 ረትቷል፤ ኋላም መጥቶ የኖረው እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ነው።

ፍለድ ወደ ተጫዋቾች ማኅበር ሄደ። የማኅበሩ መሪ ማርቪን ሚለር ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር የመጡ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበሩ። ክሱን የማሸነፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ መሆኑን፣ ቢረታ እንኳ ለእሱ ሳይሆን ለኋለኞቹ እንደሚጠቅም፣ ከስፖርቱ ዓለም ለዘለቄታው እንደሚገለል አልደበቁትም። እንግዲህ የሚደነቀው ይህ ነው፤ አሳስተውት የገባበት ጉዳይ አልነበረም። በታኅሣሥ 1969 የቡድኖቹ ተወካዮች ፖርቶ ሪኮ ተሰብስበው በሙሉ ድምፅ ሊደግፉት ወሰኑ። ፍለድም በገና ዋዜማ ለቤዝቦል ኮሚሽነሩ ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ፤ እንደ ፈለጉ የሚገዙትና የሚሸጡት ንብረት እንዳልሆነ፣ የሌሎችንም ቡድኖች ጥያቄ መስማት እንደሚፈልግ ገለጸ። ኩን አይሆንም አሉ። ኮሚሽነሩን የሚሾሙትና ደመወዝ የሚከፍሉት ባለቤቶቹ መሆናቸውን ልብ ይሏል። አቤቱታ የሚሰማው ሰው የተከሳሹ ተቀጣሪ ነበር።

በጥር 1970 ክሱ ኒው ዮርክ ተከፈተ። ጠበቃው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛና የተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር የነበሩት አርተር ጎልድበርግ ናቸው። ስም ከባድ ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ለኒው ዮርክ ገዢነት ይወዳደሩ ስለነበር ልባቸው ሁለት ቦታ ነበር ባይ ነኝ። ጃኪ ሮቢንሰን አርጅቶና ታሞ መጥቶ መሰከረለት። በሥራ ላይ ካሉት ተጫዋቾች ግን አንድም ሰው ችሎቱ ላይ አልተገኘም። በድምፅ ብልጫ መደገፍና ከጎን መቀመጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኛ ስደተኞች ማንም አይነግረንም።

ሰኔ 19 ቀን 1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ3 ፈረደበት። ዘጠነኛው ዳኛ ፓወል የቡሽ ቢራ ኩባንያ አክሲዮን ስለነበራቸው ራሳቸውን አግልለዋል። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ብላክመን ከሰማንያ የሚበልጡ የጥንት ተጫዋቾችን ስም በፍቅር ደርድረው ነው የጀመሩት፤ ሲጨርሱ ግን የሕያው ተጫዋቹን መብት ነፈጉት። ቤዝቦል ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ውጪ የሆነው በ1922 በተሰጠ ፍርድ ነው፤ ይህም እንግዳ ነገር መሆኑን አምነው፣ ማስተካከል የኮንግረስ ሥራ ነው አሉ። ከተቃወሙት ሦስት ዳኞች አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነበሩ።

ፍለድ ፍርዱን የሰማው ከስፔን ማዮርካ ደሴት ነው። የ1970ን ውድድር ሳይጫወት አሳልፎ፣ በ1971 ዋሽንግተንን ሞክሮ፣ ሰውነቱም መንፈሱም እምቢ ሲለው ሄዶ እዚያ መጠጥ ቤት ከፍቶ ነበር። ባለ መጠጥ ቤቱም ጠጪው ራሱ ሆነ።

ሚለር ግን የፍርድ ቤቱ በር ሲዘጋ በኅብረት ስምምነት በኩል ገቡ። በ1973 በተፈረመው ስምምነት ሁለት ነገሮች ተገኙ። አንደኛው፣ አሥር ዓመት ያገለገለና የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ ለሌላ ቡድን አይሰጥም። ሰዎች የፍለድ ደንብ ይሉታል። ፍለድ በጥቅምት 1969 ይህን መመዘኛ አሟልቶ ነበር፤ ደንቡ ግን ገና አልተወለደም። ሁለተኛው የደመወዝ ግልግል ዳኝነት ነው። የተወሰነ ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ከባለቤቱ ጋር በደመወዝ ካልተስማማ፣ ሁለቱም አንዳንድ ቁጥር ያቀርባሉ፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ገላጋይ ዳኛ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። መሐል ላይ መክፈል አይችልም። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ያበደ ቁጥር መጥራት ይፈራል፤ ብዙዎቹም ችሎት ሳይደርሱ ይስማማሉ። በየካቲት 1974 የመጀመሪያውን ችሎት ያስከፈተው የሚኒሶታው ወርዋሪ ዲክ ውድሰን ነበር። ቡድኑ 23 ሺሕ ዶላር አለ፤ እሱ 29 ሺሕ ጠየቀ፤ ዳኛው ለእሱ ወሰነ። የስድስት ሺሕ ዶላር ጉዳይ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በቤዝቦል ታሪክ የደመወዝ ቁጥር ከባለቤቱ ሌላ በሆነ ሰው ሲወሰን የመጀመሪያው ነው።

በታኅሣሥ 1975 ደግሞ ገላጋይ ዳኛ ፒተር ሳይትስ የማቆያ አንቀጹ ለአንድ ዓመት ይላል፣ አንድ ዓመት ማለት አንድ ዓመት ነው ብለው ወሰኑ። ፍለድ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጣውን ሁለት ሌሎች ተጫዋቾች በግልግል አገኙት። ባለቤቶቹ ሳይትስን ወዲያው አሰናበቷቸው፤ ውሳኔው ግን ጸና። በ1976 ስምምነት ስድስት ዓመት ያገለገለ ተጫዋች ነጻ ሆኖ የፈለገውን ቡድን መምረጥ ቻለ።

ከዚያ ወዲህ ትግሉ ሁሉ የዓመት ቆጠራ ሆነ። ለግልግል የሚያበቃው አገልግሎት መጀመሪያ ሁለት ዓመት ነበር፤ በ1985 ስምምነት ወደ ሦስት ከፍ ተደረገና ከ1987 ጀምሮ ተሠራበት። በ1990 ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ካላቸው ውስጥ ብዙ ቀን ያገለገሉት 17 በመቶ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ኋላ 22 በመቶ ሆነ። አንድ የአገልግሎት ዓመት 172 ቀን ነው። ታዲያ ቆጠራ ባለበት ተንኮል አይጠፋም። የቺካጎው ክሪስ ብራያንት በ2015 ለዋናው ቡድን ብቁ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ታች ተጫወተ፤ ዓመቱን በ171 ቀን ጨረሰ። በአንድ ቀን ጉድለት ነጻነቱ አንድ ዓመት ዘገየ። አቤት ቢልም በ2020 ገላጋዩ አልፈረደለትም። ለደመወዝ ግልግል ግን ከዚያ 22 በመቶ ውስጥ ገብቶ ለ2018 ውድድር 10.85 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል።

ይህን ሳነብ ከቤቴ ደጃፍ ያለው ታሪክ ትዝ አለኝ። በአፓርታይድ ዘመን በ1952 በተሻሻለው ሕግ አንቀጽ 10 መሠረት፣ ጆሃንስበርግን በመሰለ ከተማ ያልተወለደ ጥቁር የመኖር መብት የሚያገኘው ለአንድ አሠሪ ሳያቋርጥ 10 ዓመት ከሠራ፣ ወይም በሕጋዊ መንገድ ሳያቋርጥ 15 ዓመት ከኖረ ነበር። መንግሥትም አሥሩ ዓመት እንዳይሞላ በ1968 መላ አበጀ። ሠራተኛው በየዓመቱ ውሉ ያበቃና ወደ ገጠር ተመልሶ አዲስ ይፈርማል፤ ቆጠራውም ተቋርጧል ይባላል። የጀርሚስተኑ ሠራተኛ ሪኮቶ ይህን ፍርድ ቤት ወስዶ በግንቦት 1983 በይግባኝ ረታ፤ በየዓመቱ የሚደረገው የውል እድሳት አገልግሎቱን አያቋርጥም ተባለ። የሚሊዮነር ኳስ ተጫዋችና የፓስ ወረቀት የሚጠየቅ የፋብሪካ ሠራተኛ በኑሮ አይወዳደሩም፤ አሠሪዎቻቸው የተጠቀሙበት ዘዴ ግን መንትያ ነው። ሪኮቶን ያተረፈው ከሳሽም ተከሳሽም ያልሆነ ዳኛ ማግኘቱ ነው፤ ኮሚሽነር ኩን ፊት ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ፍለድ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በ1978 ኦክላንድ ውስጥ የራዲዮ ጨዋታ አስተላላፊ ሆነ፤ በከተማው መናፈሻዎችም የሕፃናትን ቤዝቦል መራ። ከመጠጥ ጋር ብዙ ታገለ። በ1986 ተዋናይቷን ጁዲ ፔስን አገባ፤ ኑሮውም ተረጋጋ። ተጫዋቾቹ የሥራ ማቆም አድማ ላይ በነበሩበት በታኅሣሥ 1994 አትላንታ ለተሰበሰቡት ንግግር ሲያደርግ ሁሉም ቆመው አጨበጨቡለት፤ ብዙዎቹ ሚሊዮን የሚቆጥሩ፣ ከሱ ክስ በኋላ የተወለዱ ወጣቶች ነበሩ። የጉሮሮ ካንሰር ይዞት ጥር 20 ቀን 1997 በ59 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ። ዕለቱ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በዓል ነበር።

በጥቅምት 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የከርት ፍለድን ስም የያዘ ሕግ ፈረሙ። የዋናው ሊግ ተጫዋቾች በሥራ ሁኔታቸው ጉዳይ እንደ ሌላው ስፖርተኛ በፀረ ሞኖፖል ሕግ እንዲከሱ የሚፈቅድ ነው። ፍለድ በ1956 በጀመረበት በታችኛው ሊግ የሚጫወቱትን ግን ሕጉ በግልጽ ከውጪ አስቀራቸው። እነሱ በማኅበር የተደራጁት በ2022፣ የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት የፈረሙት ደግሞ በ2023 ነው።