ቻርልስ ኬተሪንግና የሞተሪኖ ፈተና

ሞተሪኖን ለአውቶሞቢል ያበቃው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1876 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ተወለደ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የዓይን ሕመም ትምህርቱን ስላቋረጠበት ከቴሌፎን መስመር ዘርጊዎች ጋር ሠርቷል፤ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቀው በ1904 ነው።

በዴይተን ከተማ በሚገኝ የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ በእጅ ይሽከረከር የነበረውን መኪና በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ አደረገ። ከዚህም አንድ ቁም ነገር አገኘ። ሞተሩ የሚሠራው ለቅጽበት ስለ ሆነ ትንሽ ቢሆንም ከተለመደው ጭነት በላይ ሊሸከም ይችላል፤ ሳይግል ሥራውን ጨርሶ ያርፋልና።

በዚያ ዘመን አውቶሞቢል የሚነሣው በማኖቬላ ነበር። ኤንጂኑ ወደ ኋላ ሲመታ የአሽከርካሪውን ክንድ ይሰብር ነበር። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ኤንጂኑን ለማስነሣት የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር ከመኪናው ጋር የማይመጣጠን ግዙፍ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ኬተሪንግ ግን ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ፣ በዲድስ ጎተራ ውስጥ የቅጽበቱን ሐሳብ በሥራ ፈተነው። መሣሪያው በ1911 ለካዲላክ ቀረበ፤ በ1912ቱም ሞዴል ላይ ተገጠመ። ሞተር ብስክሌቶችን በተመለከተ ለውጡ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ሃርሊ ዴቪድሰን በትልቁ ሞዴሉ ላይ ሞተሪኖ የገጠመው በ1965 ነው።

ኬተሪንግ ከዚያ በኋላ እስከ 1947 የጄኔራል ሞተርስን የምርምር ክፍል መራ። የሥራው ዘመን ግን በድል ብቻ የተሞላ አልነበረም። በመዳብ ክንፎች አማካይነት በአየር የሚቀዘቅዘው የሼቭሮሌ ኤንጂን አምራች ክፍሎቹ በሙከራ እንደሚግልና ኃይል እንደሚያጣ እያመለከቱ ለገበያ ቀረበ፤ በ1923ም እንዲመለስ ተደረገ። ከዚህ የከፋው እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ነው። የእርሱ ቤተ ሙከራ በ1921 የኤንጂንን ኳኳታ የሚያስቀር ቅመም አገኘ፤ ቅመሙም ለኤንጂኑ የተፈለገውን ሁሉ አሟላ። በ1924 ግን ቅመሙን የሚሠሩ ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ፤ ቤንዚኑም ከመላው ዓለም የመኪና ገበያ የወጣው ገና በ2021 ነው። ኤንጂኑ ተፈትኖ ነበር፤ የሰው ሳንባና ደም ግን አልተፈተነም። ኬተሪንግ በ1958 አረፈ።

ይህ ታሪክ ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጨርጨር ደጋ በሚወጣው ጎዳና ላይ ለምትገኘው ለጭሮ፣ ለአሰበ ተፈሪ፣ ጋራዦችም ይመለከታል። ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት ዳገት ላይ ቢጠፋ፣ የባለቤቱ የዕለት እንጀራ በሞተሪኖው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ሞተሪኖ ከመገጠሙ በፊት በሞርሳ በሚገባ ይታሠራል፤ ሲነሣ ይዘላልና። ሙሉ ኃይል ካለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ኔጋቲቩ ከአካሉ፣ ፖዘቲቩ ከመቀበያው ጫፍ ጋር ለጥቂት ሴኮንድ ይገናኛል። ካልተንገጫገጨ፣ ካላጨሰና በአንድ ወጥ ፍጥነት ከዞረ የመጀመሪያውን ፈተና አልፏል።

ነገር ግን ባዶውን የዞረ ሞተሪኖ ሁሉ ኤንጂን አያዞርም። ካርቦኑ ያለቀ ወይም ሽቦው በከፊል የተቃጠለ ሞተሪኖ ያለ ጭነት በደህና ሊሽከረከር ይችላል። ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ ኤንጂኑን ሲያዞር የባትሪው ቮልቴጅ ይለካል። ከ9.6 ቮልት ገደማ በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ ይስባል፤ ቮልቴጁ ሳይወርድ ኤንጂኑ በዝግታ ከዞረ ደግሞ ጉድለቱ በገመዱ፣ በማሠሪያው ወይም በካርቦኑ ላይ ይፈለጋል።

የኬተሪንግ ሕይወት ለባለሙያ የሚያስተላልፈው ትምህርት ይኸው ነው። ፈተና ዋጋ የሚኖረው ዕቃው በእውነት የሚሸከመውን ጭነት ሲያካትት ነው፤ ከጭነቱም መካከል ቀዳሚው ዕቃውን የሚሠራውና የሚጠቀምበት ሰው ጤንነት ነው።