በዓሉ ግርማ፦ የተሰበሰበ መጽሐፍና ያልተመለሰ ደራሲ



በሃዴራ የሚማሩ ልጆቻችን ስለ ሳንሱርና ስለ ታገዱ መጻሕፍት ጽሑፍ አዘጋጁ ሲባሉ በትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት የሚያገኙት አያጡም። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በግንቦት 1933 በርሊን አደባባይ ላይ ስላቃጠሏቸው መጻሕፍት ያነባሉ። በሶቭየት ኅብረት ሥራቸው ስለ ታገደባቸው ደራስያን ያነባሉ። ከዚሁ አገርም ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የዶሪት ራቢንያን ልቦለድ ከሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ ሲወስን የተነሣውን ክርክር ያገኛሉ። ያ መጽሐፍ ግን ከሱቅ አልጠፋም፤ ከውሳኔው በኋላ እንዲያውም ገዢው በዛ። ከእኛ ቋንቋስ ማን አለ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ሲመጣ ብዙ ወላጅ ዝም ይላል። ስለዚህ ዛሬ የአማርኛውን ደራሲ የበዓሉ ግርማን ሕይወት ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

በዓሉ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሱጴ በምትባል ቦታ ነው። አባቱ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ህንዳዊ ሲሆን እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። ገና በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገባ። (ይህ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከሃዴራ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ከነታንያ አለፍ ብሎ የሚገኘው የስፖርት ማሠልጠኛ የተሰየመው በዚሁ እንግሊዛዊ መኮንን ነው።) ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምሮ ተመረቀ፤ ወደ አሜሪካም ሄዶ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ።

ወደ አገሩ ተመልሶ ጋዜጠኛ ሆነ። መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ የኢትዮጵያ ሄራልድንና አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት መርቷል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ የሚችል ሰው በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ሥራው በፍጥነት አደገ። የመጀመሪያ ልቦለዱ ከአድማስ ባሻገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ወጣ። በቢሮ ሥራና በሥዕል ፍቅር መካከል ልቡ የተከፈለ አበራ የሚባል ሰው ታሪክ ነው። ቀጥሎ የኅሊና ደወልን በ1966 ዓ.ም. አሳተመ። በዚህኛው ላይ ሐዲስ የተባለ ወጣት መምህር ደራሲው ወደ ተወለደባት ወደ ሱጴ ይሄዳል፤ ከመንደሩ ሰው ጋርም ትምህርት ቤት ለመሥራት ይታገላል። ከጎንደር ገጠር የመጣን ሰዎች ትምህርት ቤት ሲሠራ ስንት ጣጣ እንዳለው ስለምናውቅ ይህን መጽሐፍ ስናነብ የራሳችንን መንደር እናያለን።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ሥልጣን ያዘ። በዓሉ ግን ሥራውን አልለቀቀም። ቀስ በቀስ ከፍ እያለ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሰ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን እንመልከት። መጽሐፍ የሚመረመረው በዚሁ መሥሪያ ቤት ነበር። ደራሲ ረቂቁን ለሳንሱር ክፍል ያስገባል። መርማሪው አንብቦ ይህን አውጣ፣ ያንን ቀይር ይላል፤ ካልወደደው ጭራሽ ይከለክላል። ያለ ፈቃድ ማተሚያ ቤት አያትምም። ሳንሱርን የፈጠረውም ደርግ አይደለም፤ በንጉሡ ዘመንም ነበር። የአቤ ጉበኛ አልወለድም የታገደው በንጉሡ ጊዜ ነው። ደርግ የወረሰውን አጠበቀው።

እንግዲህ በዓሉ መቀሱ ባለበት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። አንዳንዱ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቃዋሚ እንደ ነበረ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ እንዲህ መባሉን አልወደውም። መንግሥትን አገልግሏል፣ የመንግሥትን ዜና መርቷል። በ1972 ዓ.ም. የወጣው የቀይ ኮከብ ጥሪ አብዮቱን ከውስጥ ሆኖ የሚያይ መጽሐፍ ነው። የኅሊና ደወልንም በኋላ ከአዲሱ ዘመን ጋር እንዲሄድ አድርጎ እንደገና ጽፎ ሐዲስ በሚል ስም አሳትሞታል። በዚሁ ጊዜ ደራሲው የሚለውን ልቦለድ ደግሞ የጓደኛውን የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ሕይወት መነሻ አድርጎ ጻፈ። መጻፍ የሚፈልግና ኑሮ የያዘው ሰው ጭንቀት በዚያ ውስጥ አለ። አንባቢ ከፈለገ የበዓሉን የራሱንም ጭንቀት ያገኝበታል።

ነገሩ የተለወጠው በኤርትራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መንግሥት የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ የሚባለውን ጀመረ። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው አሥመራ ገብተው ዘመቻውን መሩ። ዓላማው በሰሜኑ ተራራ የመሸገውን የሻዕቢያን ጦር ደምስሶ ናቅፋን መያዝ ነበር። በዓሉም ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አሥመራ ወረደ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፣ ናቅፋ ግን አልተያዘችም። የመንግሥት ሬዲዮና ጋዜጣ ይህን አልተናገሩም። ሬዲዮውንና ጋዜጣውን ከሚያዙት አንዱ ደግሞ በዓሉ ነበር።

ከዚያ ያየውን በልቦለድ አድርጎ ጻፈው። ኦሮማይ ይባላል። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አሥመራ ሰው አፍ የገባ ነው፤ አበቃ፣ አለቀለት እንደ ማለት ነው። ባለ ታሪኩ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም በጋዜጠኝነት የሚሠራ ሲሆን ለዘመቻው ቅስቀሳ ወደ አሥመራ ይላካል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀርታለች፤ እሱ እዚያ ፊያሜታ ከምትባል ልጅ ፍቅር ይይዘዋል። በፍቅሩ መካከል የባለ ሥልጣኖቹ ሽኩቻ፣ የሰላዮቹ ሥራ፣ መጨረሻ ላይም የጦር ሜዳው እልቂት ይመጣል። ስሞቹ ቢቀየሩም ሹማምንቱ ራሳቸውን አወቁ። መንግሥት ድል ነው ብሎ የፎከረበት ዘመቻ እዚያ ውስጥ እንዳበቃ ሆኖ ተጻፈ።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. የመንግሥት በሆነው በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ። በጓሮ በር የታተመ አልነበረም። ከሚኒስቴሩ ከፍተኛ ሹም እጅ የወጣ ሥራ ስለ ሆነ በዋናው በር አለፈ። ሰው ገና ሳይጠግበው ግን ትእዛዝ ወጣና ከየመደብሩ ተሰበሰበ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ። ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ ከእሱ ጋር ያለ ደመወዝ ቀሩ።

መሰብሰቡ ንባቡን አላቆመውም። አስቀድመው የገዙት ሰዎች ደበቁት። ከእጅ ወደ እጅ እየተዋሰ፣ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ዞረ፤ ዋጋውም ከሽፋኑ ብዙ እጥፍ ሆነ። ለአንድ ሌሊት ተውሶ ጎሕ ሳይቀድ የሚመልስ ነበር። በእጅ ሲገኝ የሚያስጠይቅ መጽሐፍ ማንበብ ምን እንደሚመስል የዛሬ ልጅ ሊገባው ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ወላጅ ማስረዳት ያለበት።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1984፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ምሽት፣ በዓሉ በቮልስዋገን መኪናው ከቤቱ ወጣ። አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች፤ ሰውየው ግን የለም። ቤተሰቡ የሚጠይቀውን በር ሁሉ ጠየቀ፣ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። ሞተ ብሎ የነገራቸው መንግሥት የለም፣ አስከሬን አልተሰጣቸውም፣ መቃብሩም አይታወቅም። ዕድሜው አርባዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር።

በሙያዬ ሐዘን ያልወጣላቸው ቤተሰቦች ያጋጥሙኛል። በሱዳን መንገድ ላይ ዘመዳቸው የቀረባቸው፣ የት እንደተቀበረ የማያውቁ ብዙ ናቸው። መቃብር የሌለው ሐዘን ተዝካር የለው፣ ቀን የለው፣ አያልቅም። የበዓሉ ቤተሰብ ኑሮ ከእኛ በብዙ ቢለይም በዚህ በኩል ያመናል፤ ዘመኑም ያው ነው። እሱ የጠፋው በየካቲት ሲሆን የሙሴ ዘመቻ አውሮፕላኖች ከሱዳን ሕዝባችንን ማንሣት የጀመሩት በዚያው በ1984 ኅዳር ነው።

በጎንደርም ቢሆን መጽሐፍ መደበቅ ለቤተ እስራኤል እንግዳ አልነበረም። ሻለቃ መላኩ ተፈራ ክፍለ ሀገሩን በሚገዙበት ጊዜ ዕብራይስጥ ማስተማር ተከልክሎ መምህራን ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። በየመንደሩ ትምህርት ቤት የሚረዳው ኦርት የተባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራውን እንዲያቆም ተደርጓል። ኦሮማይን ያላነበበ፣ ልቦለድም በእጁ ገብቶ የማያውቅ የገጠር አባት እንኳ ስለ ተከለከለ ጽሑፍ ለልጁ የሚነግረው አለው ማለት ነው። ብዙዎቻችን የማንናገረው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው የገበሬ ማኅበሩና የቀበሌው ፍርሃት ከእኛ ጋር አብሮ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው ልጁ በዕብራይስጥ የሚጽፈው የትምህርት ቤት ሥራ የእኛን ነገር አይፈልግም ብለን ማሰባችን ነው። ሁለተኛው ስሕተት ነው። መምህራን አዲስ ምሳሌ ይዞ የሚመጣ ተማሪን ይወዳሉ።

ደርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ወደቀ፤ መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። በ1992 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀረ፣ ኦሮማይም በግልጽ ታትሞ በየመንገዱ ተሸጠ። ጋዜጠኛ ማሰር በዚያ አልቆመም፤ ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የደርግ ባለ ሥልጣናት ለዓመታት ከቆየ የፍርድ ሂደት በኋላ በ2006 በዘር ማጥፋት ወንጀል ተፈርዶባቸዋል፤ መንግሥቱም በሌሉበት። ያም ሆኖ በዓሉ ያን ምሽት ምን እንደ ደረሰበት ለቤተሰቡ የሚያስረዳ መልስ አልመጣም።

አማርኛ የማያነቡ ልጆች አሁን መንገድ አላቸው። ኦሮማይ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቷል። ለባግሩት እንግሊዝኛ የሚዘጋጅ ተማሪ ሊያነበው ይችላል። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም በወረቀት ጽፎ መስጠትና እንዲገዛ መጠየቅም ነውር የለውም። አማርኛ የሚያነብ ወላጅ ደግሞ የአማርኛውን ይዞ ከልጁ ጎን ይቀመጥ፤ የአሥመራው የፍቅር ታሪክ ላይ ሲደርሱ ማን ቀድሞ ገጹን እንደሚገልጥ እናያለን።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አማርኛው መጽሐፍ ላይ የኅትመቱ ዘመን 1975 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ አገር 1983 ማለት ነው። ልጁ ቁጥሩን እንዳለ ከገለበጠው መጽሐፉ ዘመቻው ሳይጀመር ሰባት ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ይመስላል፣ መምህሩም ያርመዋል።