ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የዋናተኛው መቅዘፊያ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ከታላቁ የቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ በኮረብታዎች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት የቡጋንዳ ነገሥታት በዚህ ሐይቅ ላይ በመቅዘፊያ የሚነዱ ብዙ የጦር ጀልባዎች ነበሯቸው። በእንደዚህ ያለ ጀልባ የቀዘፈ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ቀጭን በትር ውኃውን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ ጀልባውን አያራምድም፤ ጫፉ የሰፋ መቅዘፊያ ግን ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ጀልባውን ወደ ፊት ያስኬዳል። ከካምፓላ እጅግ ርቃ በምትገኘው በአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ፣ ከሦስት መቶ ዓመት ግድም በፊት፣ አንድ የሻማ ሠሪ ልጅ ይህንኑ የቀዛፊዎች ዕውቀት ከጀልባ ወደ ሰው እጅና እግር ለማዛወር ሞከረ። ይህ ልጅ በኋላ በሳይንስና በፖለቲካ ስሙ የገነነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው።

ፍራንክሊን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1706 ነው። አባቱ ከእንግሊዝ አገር ፈልሶ የመጣ ሳሙናና ሻማ ሠሪ ነበር። ከ17ቱ የአባቱ ልጆች መካከል ቤንጃሚን 15ኛው ሲሆን ከወንዶቹ ደግሞ የመጨረሻው ነበር። በቤቱ የሚመገበው አፍ ብዙ፣ ገቢው ግን አነስተኛ ስለ ነበረ፣ ልጁ በትምህርት ቤት የቆየው ለሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ10 ዓመቱ ከትምህርት ተለይቶ በአባቱ የሥራ ቤት የሻማ ክር መቁረጥና የቀለጠውን ሞራ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ መጨመር ጀመረ።

ይሁን እንጂ ቤንጃሚን ይህን ሥራ አልወደደውም። ልቡ የሸፈተው ወደ ባሕር ነበር። አባቱ ግን ይህን ምኞቱን አጥብቆ ተቃወመ፤ ምክንያቱም ከታላላቅ ወንድሞቹ አንዱ ከቤት ወጥቶ መርከበኛ በመሆኑ እጅግ አዝኖ ነበር። በዚያ ቤት ውኃ ያስከተለው ኀዘን ይህ ብቻ አልነበረም። ቤንጃሚን ከመወለዱ ጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሕፃን ወንድሙ በሳሙና ውኃ ገንዳ ውስጥ ሰምጦ ሞቶ ነበር።

ልጁ ለአባቱ ቃል ታዝዞ መርከበኛ ከመሆን ቢቀርም ከውኃ ግን አልተለየም። መኖሪያው በባሕር ዳርቻ ስለ ነበረ ገና በልጅነቱ ዋናንና ጀልባ መቅዘፍን ተማረ። ከእኩዮቹ ጋር በጀልባ ሲሄድ፣ በተለይም ችግር በሚያጋጥምበት ጊዜ፣ ጀልባውን እንዲመራ የሚፈቀድለት እርሱ ነበር። የዋና ጥበብን የሚያስተምር መጽሐፍም አግኝቶ በውስጡ የተገለጹትን እንቅስቃሴዎች አንድ በአንድ ተለማመደ፤ የራሱንም ጨመረባቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ይበልጥ ፈጥኖ ለመዋኘት ስለ ፈለገ ከእንጨት ሁለት ሞላላ ገበታዎች ሠራ። የእያንዳንዳቸው ርዝመት 10 ኢንች፣ ወርዳቸውም 6 ኢንች ያህል ነበር፤ ይህም ወደ 25 በ15 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ከመዳፉ ጋር አጥብቆ ለመያዝ እንዲችልም ለአውራ ጣቱ ቀዳዳ አበጀላቸው። ሲዋኝ የገበታዎቹን ጠርዝ ወደ ፊት እያደረገ እጁን ይሰድዳል፤ ሲመልስ ደግሞ በጠፍጣፋው ፊታቸው ውኃውን ይገፋል። በእርግጥም ከቀድሞው ይልቅ ፈጠነ። ዳሩ ግን ጥቂት ከዋኘ በኋላ የእጁ አንጓዎች ይዝሉበት ጀመር። ሰፊው ገበታ ብዙ ውኃ ስለሚገፋ ብዙ ጉልበትም ይጠይቅ ነበርና።

ቀጥሎም ለእግሩ እንደ ነጠላ ጫማ ያለ መቅዘፊያ ሠርቶ ከውስጥ እግሩ ጋር አሰረው። በዚህኛው ግን አልረካም። አንድ ሌላ ልጅ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጫማውን ወርውሮ ጉዳዩን ይረሳው ነበር። ፍራንክሊን ግን መሣሪያው ለምን እንዳልረዳው መመርመር ጀመረ። እግሩ ውኃውን እንዴት እንደሚገፋ አስተውሎ ሲመለከት፣ ግፊቱ የሚመጣው ከውስጥ እግር ብቻ ሳይሆን ከእግሩና ከቁርጭምጭሚቱ የውስጥ ጎን ጭምር መሆኑን ተረዳ። ጫማው ያሰፋው ግን ውስጥ እግሩን ብቻ ነበር። ስለዚህ ጉድለቱ መሣሪያው ከገላው እንቅስቃሴ ጋር አለመስማማቱ ነበር። ካደገና ከታወቀ በኋላ ስለዚህ ሙከራ ለአንድ ፈረንሳዊ ወዳጁ በደብዳቤ ሲገልጽ፣ የተሳካለትን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካለትንም ከነምክንያቱ ጻፈ።

በ12 ዓመቱ ፍራንክሊን በወንድሙ ማተሚያ ቤት ለሙያ ትምህርት ገባ፤ በ17 ዓመቱም ኮብልሎ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። ከዚያም በሕትመት ሥራ ለንደን ከተማ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1726 ገደማ፣ ከቼልሲ እስከ ብላክፍራያርስ በቴምዝ ወንዝ ላይ ዋኝቶ ተመልካቾችን አስደነቀ። ዝናው ስለ ተሰማ አንድ መኳንንት ሁለት ወንዶች ልጆቹን ዋና እንዲያስተምርለት ጠየቀው። በዚያ ቢቀር ኖሮ የዋና ትምህርት ቤት ከፍቶ ብዙ ገንዘብ ሊያገኝ ይችል ነበር። እርሱ ግን ወደ ፊላዴልፊያ ለመመለስ ወስኖ ስለ ነበረ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የፈጸማቸው ሥራዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1731 አባላቱ በጋራ መዋጮ የሚገለገሉበት ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። በ1752 መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን በሚያረጋግጠው ምርምሩ በዓለም ታወቀ፤ ቤቶችን ከመብረቅ የሚጠብቀውንም ዘንግ ፈለሰፈ። በ1776 የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ ሆነ። በዘመኑ እንደ ነበሩት ብዙ ባለ ሀብቶች ባሪያዎች የነበሩት ሲሆን፣ በሽምግልናው ግን ይህን አቋሙን ለውጦ ባርነት እንዲቀር የሚታገል ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1790 በ84 ዓመቱ አረፈ።

ፍራንክሊን ያልተሳካለት የእግር መቅዘፊያ ፍጻሜ ያገኘው እርሱ ከሞተ ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ሉዊ ደ ኮርልዩ የተባለ ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንን የላስቲክ የእግር መቅዘፊያ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ይህ መሣሪያ ከጣቶች አልፎ ወደ ፊት የሚረዝም ሲሆን፣ ዋናተኛውም እንደ እንቁራሪት እግሩን ወደ ጎን በመክፈት ፈንታ ከታፋው ጀምሮ ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዘዋል። መሣሪያውና የገላው እንቅስቃሴ በዚህ ዓይነት ተስማሙ። ዛሬ ጠላቂዎች የሚጠቀሙባቸው መቅዘፊያዎች ልዩ ልዩ ናቸው። በባዶ እግር እንደ ጫማ የሚጠለቅ አለ፤ ተረከዙ ክፍት ሆኖ ከወፍራም ጫማ በላይ በጠፍር የሚታሰርም አለ። ትንፋሻቸውን ውጠው የሚጠልቁ ሰዎች ረጅሙን ይመርጣሉ፤ በጠባብ ስፍራ ለመዞር ግን አጭሩ ይሻላል። ጠንካራውና ሰፊው ብዙ ውኃ ይገፋል፤ ነገር ግን እንደ ፍራንክሊን የእጅ አንጓ ሁሉ እግርን ያደክማል። መካከሉ የተሰነጠቀው ደግሞ ጡንቻን እምብዛም እንዳያስጨንቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ውኃ የሚሆን አንድ መቅዘፊያ የለም።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የሚቀዝፈው ሰውም፣ በባሕር ውስጥ የሚጠልቀው ሰውም የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው። ፍራንክሊን ይህን ሕግ የተረዳው በሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ቆይታው አልነበረም፤ የእጁን ሥራ በመፈተኑና ጉድለቱን ሳይሸሽግ ምክንያቱን በመፈለጉ ነው። ያልረዳው ጫማ ከረዳው ገበታ ያላነሰ ዕውቀት ሰጥቶታል።