ሰማይንና ባሕርን ያጋጠመው ጉስታቭ ሌግሬ

የዚህን ሰው ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ አንድ ኀፍረት ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ እርሱን ባጭሩ ልናገር።

ባለፈው ጥር ወር ለዚሁ መጽሔት የሚሆን ፎቶግራፍ ለማንሣት ሰቻ ዳር ካለው ከፍታ ላይ ቆሜ ወደ ታች ተመለከትሁ። በግራዬ ቀላ ያለው ዓባያ፥ በቀኜ ሰማያዊው ጫሞ፥ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ፥ ከዚያም ወዲያ ነጭ ሣር ይታያል። በስልክ አነሣሁት። ምድሩ ደኅና ሆኖ ሲወጣ ሰማዩ ግን እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ ሆነ። ዓይኔ ያየውን ደመና መሣሪያው ሳያየው ቀረ። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወደ ጨንቻ ስንወጣ በጉጌ ተራሮች ላይ ያነሣሁት ጥቁር የዝናም ደመና ስለ ነበረኝ፥ እርሱን ቈርጬ በኮምፒዩተር ከጫሞ በላይ ለጠፍሁት። ጓደኞቼ ሁሉ አደነቁ። አያቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በጋሞ ደጋ ያረሱ ገበሬ ናቸውና፥ ሥዕሉን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ሣሩ የጥር፥ ደመናው የሚያዝያ መሆኑን ነገሩኝ። ፀሐይም ለዛፎቹ ካንድ ወገን፥ ለደመናው ከሌላ ወገን እንደምታበራ በጣታቸው አሳዩኝ። አልተቈጡም፤ ይህም ይበልጥ አሳፈረኝ።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለውን ሥራ መጀመሪያ ማን እንደ ሠራው ለማወቅ ስመረምር ጉስታቭ ሌግሬን አገኘሁ።

ሌግሬ በ1820 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በፓሪስ አጠገብ ቪሊዬ ለ ቤል በምትባል ስፍራ ተወለደ። በወጣትነቱ ፖል ዴላሮሽ ከተባለው ስመ ጥር ሠዓሊ ዘንድ ሥዕል ተማረ፤ ወደ ኢጣልያም ሄዶ ጥቂት ዓመታት በሮም ተቀመጠ። ፎቶግራፍ ለዓለም በይፋ የታወቀው በ1839 ስለ ሆነ፥ እርሱ ወደ ፓሪስ ሲመለስ ጥበቡ ገና ሕፃን ነበረ። ሌግሬም ብሩሹን ሳይጥል መሣሪያውን ያዘ። በ1851 ወረቀቱን አስቀድሞ በሰም ነክሮ ለኔጋቲቭ የማዘጋጀትን ዘዴ አሳተመ። ሰም የተነከረው ወረቀት ከብዙ ቀን በፊት ተዘጋጅቶ ሊቈይ ስለሚችል ለመንገደኛ እጅግ ምቹ ነበረ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት የጥንት ሕንጻዎችን ፎቶግራፍ እንዲያነሡ ከላካቸው አምስት ሰዎች አንዱ እርሱ ሆነ። ብዙ ደቀ መዛሙርትም አፈራ።

አሁን ወደ ደመናው ልምጣ።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ በመስተዋት ላይ አፍስሶ፥ በብር መድኃኒት ነክሮ፥ ገና ሳይደርቅ በመሣሪያው ውስጥ በማግባት ነበረ። ይህ መስተዋት ግን አንድ ጕድለት ነበረበት። ሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ሲያቃጥለው፥ አረንጓዴና ቀይ እምብዛም አይሰማውም ነበር። ስለዚህ አንሺው ለምድሩ የሚበቃ ጊዜ ሲሰጥ፥ ሰማዩ በብርሃን ተውጦ ደመናው ይጠፋል፤ ለደመናው ሲያሳጥር ደግሞ ምድሩ ጨለማ ይሆናል። ያ ሁሉ የጥንት ፎቶግራፍ ሰማዩ ባዶ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የእኔም ስልክ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ያንኑ ሥራ ሠራብኝ፤ ምንም እንኳ የስልኩ ምክንያት የብርሃኑ ብዛት እንጂ ቀለሙ ባይሆን።

ሌግሬ ከ1856 ጀምሮ በባሕር ዳር እየቆመ ይህን ችግር ታገለ። አንዳንዶቹን ሥዕሎች ውሃው ራሱ ብርሃን እስኪመልስ ጠብቆ በአንድ መስተዋት ብቻ ለማንሣት ቻለ። ለሌሎቹ ግን ሁለት መስተዋት ወሰደ፤ አንዱን ለሰማይ፥ አንዱን ለባሕር። ሲያትምም መጀመሪያ የሰማዩን ወገን ሸፍኖ ባሕሩን፥ ቀጥሎ ባሕሩን ሸፍኖ ሰማዩን በእንቁላል ነጭ በተቀባ በአንድ ወረቀት ላይ በፀሐይ ብርሃን ያትማል። ሁለቱ የሚገናኙት በአድማሱ መስመር ላይ ነው። ባሕር ቀጥ ያለ አድማስ ስላለው ለዚህ ይመቻል፤ ዛፍና ተራራ ባለበት ቦታ ግን መጋጠሚያውን መደበቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። (በጫሞ ዳር ያሉትን ዛፎች ስቈርጥ ሁለት ምሽት ሙሉ የፈጀሁት እኔ ይህን አውቃለሁ።)

ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው በ1857 በደቡብ ፈረንሳይ በሜዲትራኒያን ዳር ያነሣው ታላቁ ማዕበል ነው። የከተማዪቱ ስም በፊደላችን ሲጻፍ ሴት ተብሎ ስለሚነበብ ያስቃል። ማዕበሉ ሲሰበር፥ ደመናውም ከላዩ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሁለቱ ግን ከሁለት መስተዋት የመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ሌግሬ አንዱን ሰማይ ከአንድ በላይ በሆነ ባሕር ላይ አትሞታል። እንግዲህ እርሱም እንደኔ የሌላ ቀን ደመና ለጥፏል ማለት ነው። ይህን ሳውቅ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ለአያቴም መከራከሪያ ያገኘሁ መሰለኝ። ነገር ግን ሥዕሎቹን ደጋግሜ ስመለከት የባሕሩና የሰማዩ ብርሃን ተስማምቶ አገኘሁት። የጥፋቴ ክብደት የተለየ ደመና ማስገባቴ ይሁን ወይስ ሳልመረምር ማስገባቴ፥ እስከ ዛሬ ለራሴ ቈርጬ አልመለስሁም። የሥዕል ወዳጅ የመጀመሪያውን ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ ደመና አይቶ የሚዘራ ገበሬ ግን ሁለቱንም ይቅር አይልም።

ሌግሬ ዝናው ሲበዛ ገንዘቡ አልበዛም። በፓሪስ በቡልቫር ዴ ካፑሲን የከፈተው ያማረ የፎቶግራፍ ቤት ወጪው ከገቢው በለጠ። ርካሽ የሆኑ ትናንሽ ፎቶግራፎች በየቤቱ በተስፋፉበት ዘመን እርሱ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ አልወደደም፤ ስለዚህ በ1860 ድርጅቱ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ከደራሲው ከአሌክሳንደር ዱማ ጋር በመርከብ ተሳፈረ። በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ የጋሪባልዲን መልክና በመድፍ የፈራረሰችውን ከተማ አነሣ። ጥቂት ቈይተው ግን ተጣሉና ዱማ በማልታ ደሴት ጥሎት ሄደ። ሌግሬም በሶርያና በሊባኖስ በኩል አድርጎ ግብፅ ገባ፤ መጀመሪያ በእስክንድርያ፥ ከ1864 ጀምሮም በካይሮ ተቀመጠ። ወደ ፈረንሳይ ከቶ አልተመለሰም።

በካይሮ የግብፁን ገዥ የኢስማኤልን ልጆች ሥዕል አስተማረ። ይህ ኢስማኤል በ1875 ጉንደት ላይ፥ በ1876ም ጉራ ላይ ጦሩ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ድል የተነሣበት ያው ኢስማኤል ነው። ከልጆቹም አንዱ ሐሰን በጉራ ከጦሩ ጋር ነበረ። የታሪክ መጽሐፋችን ላይ ስለ ጉንደትና ጉራ ስንማር፥ ያን ጊዜ በካይሮ አንድ የተረሳ ፈረንሳዊ ለተማሪዎች እርሳስ ሲያስይዝ ይኖር እንደ ነበረ ማን አሰበ!

በ1884 በካይሮ ሞተ። በ1999 ለንደን ላይ በተደረገ ጨረታ የታላቁ ማዕበል አንድ እትም 507,500 ፓውንድ ተሸጠ፤ ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ ለአንድ ፎቶግራፍ ከተከፈለው ዋጋ ሁሉ የበለጠ ነበረ። ከዚያ ገንዘብ መቶኛውን እንኳ በሕይወቱ ቢያገኝ ኖሮ የፓሪሱ ቤቱ ባልፈረሰ ነበር ብዬ አዘንሁ።

እኔም በሚያዝያ ተመልሼ ሰቻ ዳር ቆምሁ። ስልኩን በድንጋይ ላይ አስደግፌ ሳላነቃንቅ ሁለት ጊዜ አነሣሁ፤ አንዱን ለሐይቁ፥ አንዱን ለደመናው፤ በመካከላቸው ያለፈው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሁለቱን አጋጥሜ ለአያቴ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም ደመናው በዓባያ ወገን እንደ ከበደ አይተው፥ በዚያ ቀን ዝናሙ የደረሰው ስንት ሰዓት ላይ እንደ ነበረ ጠየቁኝ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነበረ፤ ወደ ቤት ሳልደርስ መንገድ ላይ አገኘኝ።