አየርን የመረመረ ሰው

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ደቡብ ነፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ሽቦ ከሌለው ስልክ ነው ይባላል። ቃል ያለ ሽቦ ሲሄድ ሰው ባየ ጊዜ ነፋስ የተሸከመው መሰለው። ዓይን የማያየውን ሥራ ለነፋስ መስጠት የሰው ልማድ ነውና። ልጆች ሆይ፥ አየር ራሱ ግን ምንድር ነው? ለእኛ እስትንፋስ፥ ለእሳትም ነበልባል የሚሰጠው እንዴት ነው? ይህን ነገር ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ነበረ። በታሪኩ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሪስትሊ በ1733 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሊድስ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ ስለዚህ አክስቱ ወስዳ አሳደገችው። ገላው ደካማ፥ አንደበቱም ተብታባ ነበረ። በትምህርት ግን አልሰነፈም፤ ላቲንን፥ ግሪክንና ዕብራይስጥን ተማረ። ባደገም ጊዜ ሰባኪና አስተማሪ ሆነ፤ ከሥራው በተረፈው ጊዜ ደግሞ አየርን ይመረምር ነበር።

የሚነድ ሻማ በብርጭቆ ዕቃ ቢከደን ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። አይጥም እንዲሁ ብትከደን ጥቂት ቆይታ ትሞታለች። ፕሪስትሊ ይህን አይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። በዓለም ሁሉ ይህን ያህል ሰውና እንስሳ ሲተነፍስ፥ ይህንም ያህል እሳት ሲነድ፥ መልካሙ አየር ስለ ምን አላለቀም?

በ1771 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ሻማ ነዶ በጠፋበት አየር ውስጥ አንድ የናና ቅርንጫፍ አኖረ። ናናው አልደረቀም። ከ10 ቀን በኋላ ሻማ ቢያገባበት ሻማው ደኅና አድርጎ ነደደ። እሳት ያበላሸውን አየር ተክል አድሶት ነበርና። ዛሬ እንደምናውቀው፥ ተክል ይህን የሚያደርገው በፀሐይ ብርሃን ነው።

በ1774 ዓ.ም. ደግሞ የፀሐይን ብርሃን በሚሰበስብ ትልቅ መነጽር ከባዜቃ የተሠራ ቀይ ዱቄት አጋለ። ከዱቄቱ አየር ወጣ፤ ሻማ ቢያገባበት ነበልባሉ እጅግ በረታ። በሚመጣው ዓመት አይጥ አገባበት። በተለመደው አየር ቢሆን ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ በኖረች ነበር፤ በዚህ አየር ግን ግማሽ ሰዓት ኖረች። በመጨረሻ ራሱ ቢተነፍሰው ደረቱ የቀለለው መሰለው።

ይህ አየር ዛሬ ኦክሲጅን ይባላል። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው እጅ 21 እጅ ያህሉ እርሱ ነው። ሼሌ የተባለ የስዊድን ሰው ከፕሪስትሊ አስቀድሞ አግኝቶት ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉ የታተመው ዘግይቶ በ1777 ዓ.ም. ነው።

ፕሪስትሊ ያገኘው ነገር ምን እንደ ሆነ ራሱ አላስተዋለም። የዚያ ዘመን ሊቃውንት፥ የሚነድ ነገር ሁሉ ፍሎጂስቶን የሚባል ነገር በውስጡ አለው፥ ሲነድም ይወጣል ይሉ ነበር። ላቮዋዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ግን ነገሩን በሚዛን መዘነ። የሚነድ ነገር ከአየር ኦክሲጅንን እንደሚወስድ አሳየ፤ ስሙንም ያወጣለት እርሱ ነው። ደግሞም መተንፈስ ነበልባል የሌለው ቀስተኛ እሳት መሆኑን አስተማረ፤ የበላነው ምግብ በገላችን ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ያሞቀናልና። ፕሪስትሊ ይህን ሰምቶ አሮጌውን አሳብ እስኪሞት ድረስ አልተወም። እጁ ያገኘውን እውነት ልቡ አልተቀበለውም።

በ1791 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ ሳለ፥ በሃይማኖትና በመንግሥት ነገር አሳቡ የተለየ ነበርና፥ ሕዝብ ተነሥቶበት ቤቱን አቃጠለ። እሳትን የመረመረባቸው ዕቃዎችና መጻሕፍቱ በእሳት ጠፉ። እርሱ ግን መመርመሩን አልተወም። በ1794 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በዚያም በ1804 ዓ.ም. ሞተ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንማር። እንደ እርሱ በትጋት እንጠይቅ፤ እውነት በተገለጠልን ጊዜ ግን የቀድሞ አሳባችንን ለመተው አንፈር።

የተማርነውም ነገር ለቤታችን ይጠቅማል። በክረምት ሌሊት፥ ብርዱ ሲበረታ፥ በነፋስ ስልክም ሆነ በሌላ ሰፈር የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አግብቶ በርና መስኮት የሚዘጋ ሰው አለ። ሰውና ፍም አንዱን አየር ይሻማሉ። ከሰሉም በቂ ኦክሲጅን ባጣ ጊዜ ሽታና መልክ የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል። የተኛ ሰው ሳያውቀው ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ምድጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። የቤትህ ሰዎች ቢረሱ፥ አንተ ሳትፈራ በአክብሮት ንገራቸው፤ በሩንም ክፈት። የፕሪስትሊን አይጥ የሚያስብ ልጅ ቤተ ሰቡን ከሞት ያድናል።