ፍሪትዮፍ ናንሰን እና የብርድ ስንቅ

ብርድ ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚመጣልን የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው። ጋቢ ደርቦ፣ እሳት ዳር ተጠግቶ የሚታለፍ ብርድ ነው። ክረምት ሲባልም ዝናብና ጭቃ እንጂ ባሕር ሲረጋ አይታየንም። ስለዚህ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚል ነገር መጽሐፍ ላይ ስናገኝ ቁጥሩን አንብበን እናልፋለን እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ልብ አንለውም። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ብርድ ውስጥ 15 ወር ያህል ሜዳ ላይ ቆይቶ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር በሕይወት ስለተመለሰው ስለ ኖርዌጂያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ላወጋችሁ አስቤያለሁ። ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው ለስደተኞች በሠራው ሥራ ነው። እኔ ግን ሁለቱ ነገሮች፣ ማለትም የበረዶው ጉዞና የስደተኞቹ ጉዳይ፣ አንድ ሥር ያላቸው ይመስለኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ናንሰን ኦክቶበር 10 ቀን 1861 ያኔ ክርስቲያኒያ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ኦስሎ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን ከመጻሕፍት ይልቅ ጫካና በረዶ ይወድ ነበር፤ በስኪ መንሸራተት የጀመረው ገና በሕፃንነቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የእንስሳት ሳይንስ መረጠ፤ ምክንያቱም ያው ደጅ ደጁን የሚያስኬድ ትምህርት ስለመሰለው ነው ይባላል። በ1882 በአሣ ነባሪ ሳይሆን በአቆስጣ አዳኝ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሄደ። መርከቧ በግሪንላንድ ምሥራቅ ዳርቻ አጠገብ በበረዶ ተይዛ ለሳምንታት ስትቆም፣ ማንም ያላቋረጠውን ያን የበረዶ ምድር ከሩቅ እያየ በስኪ ላቋርጠው ብሎ አሰበ።

ያሰበውን የፈጸመው በ1888 ነው። የዶክትሬት ጽሑፉን ባቀረበ በቀናት ልዩነት ከአምስት ሰዎች ጋር ተነሣ። ከአምስቱ ሁለቱ በብርድ አገር ኑሮ የሚታወቁ የሳሚ ሕዝብ ተወላጆች ነበሩ። ከእሱ በፊት የሞከሩት ሁሉ ሰው ካለበት ከምዕራቡ ዳርቻ ተነሥተው፣ ሲደክማቸው ወደኋላ ተመልሰዋል። ናንሰን ግን ሰው ከማይኖርበት ከምሥራቁ ለመጀመር ወሰነ። እንዲህ ከሆነ ወደኋላ መመለስ አይቻልም፤ ምግብም ሰውም ያለው ከፊት ነው። መቼም ይህን ሲሰሙ እብደት ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያው ነበር የመሰለኝ። ሆኖም ሰውየው ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ በእጁ መዝኖ ነበር። በበረዶ ላይ የሚጎተተው ጋሪ እንዳይሰምጥ ሰፊ የስኪ ዓይነት እግር ተሠራለት። የሚበሰልበት ድስት እሳቱ በከንቱ እንዳይባክን በሌላ ዕቃ ተከብቦ፣ አንደኛው ምግብ ሲያበስል ሌላኛው በረዶ ያቀልጥ ነበር። በረዶ አገር ላይ ሰው በውኃ ጥም ሊሞት እንደሚችል ልብ በሉ። ነዳጅ ካለቀ የሚጠጣ የለም።

ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው አንድ ነገር አመለጠው። ስንቃቸው ፔሚካን ይባላል፤ ሥጋው እንደ ቋንጣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ከቀለጠ ስብ ጋር የሚለወስ ምግብ ነው። የተዘጋጀላቸው ግን ስቡ የወጣለት ነበር። ነገሩ ሲታወቅ ጊዜው አልፏል። አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ዱቄት ወይም ስብ የሌለው ደረቅ ሥጋ የሚሰጠው አራት ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ጋሪ እየጎተተ፣ ሌሊቱን ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ድንኳን ውስጥ ለሚያድር ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሆዳቸው እየሞላ ይራባቸው ጀመር። ቅቤ አማራቸው። ከመካከላቸው አንዱ የጫማ ቅባት ቢበላ ይጎዳ እንደሆነ እስከ መጠየቅ ደረሰ። እንደዚያም ሆኖ 2,700 ሜትር የሚያልፈውን ከፍታ ተሻግረው ምዕራቡ ዳርቻ ደረሱ። ናንሰንና ኦቶ ስቨርድሩፕ ከድንኳን ሸራና ከቁጥቋጦ እንጨት ጀልባ ሠርተው ኦክቶበር 3 ቀን ጎትሆብ ገቡ፤ ዛሬ ኑክ የምትባለው ከተማ ናት።

ወደ አገር ቤት የሚወስደው የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ግን አምልጧቸው ነበር። ስለዚህ ክረምቱን እዚያው ከኢኑይት ሕዝብ ጋር ለማሳለፍ ተገደዱ። ለእኔ የናንሰን ትልቁ ትምህርት ቤት ይህ ነው። በካያክ መቅዘፍን፣ አቆስጣ ማደንን፣ ስብ እንዴት ለምግብም ለመብራትም ለሙቀትም እንደሚውል ያየው ከእነሱ ዘንድ ነው። ብዙ የዘመኑ አውሮፓውያን እነዚህን ሰዎች እንደ ኋላ ቀር ይቆጥሯቸው ነበር። ናንሰን ግን ተቀምጦ ተማረ።

በ1889 አገሩ ተመለሰና የታወቀች ዘፋኝ የነበረችውን ኤቫ ሳርስን አገባ። ከዚያ ሌላ እቅድ አወጣ። በ1881 ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ የሰመጠች ጃኔት የተባለች መርከብ ዕቃዎች ከሦስት ዓመት በኋላ በግሪንላንድ ዳርቻ ተገኝተው ነበር። ናንሰን ከዚህ ተነሥቶ በረዶው ራሱ በዋልታው በኩል ይጓዛል ማለት ነው፣ እንግዲያውስ መርከብ ሆን ብሎ በበረዶው ማስያዝና አብሮ መሄድ ይቻላል አለ። ኮሊን አርቸር የተባለው መርከብ ሠሪ ሆዷ ክብ የሆነ ፍራም የተባለች መርከብ ሠራለት። በረዶው ሲጨምቃት ከመሰበር ይልቅ ወደላይ ትነሣለች። ግድግዳዋ ብርድ እንዳያስገባ ቡሽ፣ የሱፍ ንጣፍና የአጋዘን ጠጉር በመደዳ ተደርቦበታል። መብራት የሚሰጥ የንፋስ ወፍጮ ነበራት። የአምስት ዓመት ስንቅ ተጫነባት። በዚህኛው ስንቅ ስብ አልጎደለም!

ፍራም በ1893 ከ13 ሰዎች ጋር ሄዳ በበረዶ ተያዘች፤ ሐሳቡም ሠራ። ነገር ግን የበረዶው ጉዞ ዝግ ያለ ነበር፤ ዋልታውንም እንደማይነካ ታወቀ። ናንሰን ትዕግሥቱ አለቀ መሰለኝ፣ ማርች 14 ቀን 1895 ያልማር ዮሃንሰንን ይዞ፣ በ28 ውሾች፣ በሦስት ጋሪና በሁለት ካያክ ወደ ሰሜን ወጣ። ለራሳቸው የ100 ቀን፣ ለውሾቹ የ30 ቀን ስንቅ ያዙ። የውሾቹ ስንቅ ሲያልቅ ደካማው እየታረደ ለሌሎቹ ይሰጣል። ጭካኔ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው በሂሳብ የገባ ነበር።

እዚህ ላይ ደግሞ ጎበዝም ይሳሳታል። የተኩላ ቆዳ ልብሳቸው ከብዷቸውና አልቧቸው ስለነበር መርከቡ ላይ ትተውት በሱፍ ልብስ ሄዱ። በብርድ አገር ላብ ከብርዱ አይተናነስም። ቀን ጋሪ ሲጎትቱ ያላባቸው ልብስ ላይ ረግቶ እንደ ጥሩር ደረቀባቸው፤ የእጅጌው ጠርዝ የእጃቸውን አንጓ እስኪያቆስል ድረስ። ማታ የመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ሲገቡ ያ በረዶ በገላቸው ሙቀት እስኪቀልጥ ከአንድ ሰዓት በላይ እየተንቀጠቀጡ ይጠብቃሉ፤ ጠዋት ሲወጡ ተመልሶ ይረጋል። ኤፕሪል 8 ቀን 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ላይ ደረሱ፤ እስከዚያ ቀን ሰው ከደረሰበት ሁሉ የላቀ ነበር። እዚያ ላይ በረዶው እየተሰባበረ መንገድ ሲከለክል ናንሰን ለመመለስ ወሰነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ደክሟቸው ተኝተው ሰዓታቸውን መሙላት ረሱ፤ ሁለቱም ሰዓቶች ቆሙ። ይህ ቀላል አይምሰላችሁ። የአራት ደቂቃ ስህተት በኬንትሮስ አንድ ዲግሪ ያሳስታል። ከዚያ በኋላ የት እንዳሉ በትክክል ሳያውቁ ነው የተጓዙት።

መሬት የረገጡት በፍራንዝ ዮሴፍ ደሴቶች፣ በነሐሴው ወር ሲሆን፣ ክረምቱ ሊዘጋባቸው ነው። ናንሰን ወደ ፊት መግፋቱን ትቶ፣ ገና ብርሃንና እንስሳ ሳለ ለክረምቱ እንዘጋጅ አለ። ሕይወታቸውን ያተረፈው ይህ ውሳኔ ይመስለኛል። አካፋ የላቸውም፤ የዋልረስ የትከሻ አጥንት አካፋ ሆነ፣ ጥርሱ ዶማ ሆነ። (ዋልረስ ማለት ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያለው ትልቅ የባሕር እንስሳ ነው።) መሬቱን አንድ ሜትር ያህል ቆፍረው ዙሪያውን በድንጋይ ካቡ፤ ባሕር ያመጣውን አንድ ግንድ ወጋግራ አድርገው የዋልረስ ቆዳ አለበሱት። ጎጆዋ ሦስት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር የማይሞላ ወርድ ነበራት። መብራታቸው ስብ የሚነድበት ከብረት ተጣጥፎ የተሠራ ማሾ ነው። የነጭ ድብ ሥጋ ጠዋት ተቀቅሎ፣ ማታ ተጠብሶ ይበላል። ሌላ የለም። መጀመሪያ ለየብቻ ለመተኛት ሞክረው ብርዱ አላስቻላቸውም፤ ስለዚህ እንደገና አንድ ከረጢት ውስጥ ገቡ።

ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ የካቲቱ ማብቂያ ፀሐይ አልወጣችም። ልብሳቸው በስብ ከመርጠቡ የተነሣ ገላቸው ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ለገና በዓል ያደረጉት ሸሚዛቸውን ገልብጦ መልበስ ነው። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች አብረው እየበሉ፣ አንድ ከረጢት ውስጥ እየተኙ ለወራት እርስ በርስ አንቱ ይባባሉ ነበር። አንተ መባባል የጀመሩት በዘመን መለወጫው ሌሊት ነው፤ ያውም ናንሰን ሐሳብ አቅርቦ። በእኛ ባህል ያደገ ሰው ይህ የሚገባው ይመስለኛል። በጨለማና በብርድ መካከል ክብርን ጠብቆ መቆየት አንድ መከላከያ ሳይሆን አልቀረም፤ ዝቅ ብሎ ለመለመንም ሆነ ለመጣላት አይመችም።

ሜይ 19 ቀን 1896 ከጎጆዋ ወጥተው ወደ ደቡብ ጉዞ ቀጠሉ። ጁን 12 ቀን ከኮረብታ ላይ ቆመው አካባቢውን ሲያዩ፣ አንድ ላይ የታሰሩት ካያኮች ገመዳቸው ተፈትቶ ወደ ባሕር ሲሄዱ ተመለከቱ። ስንቅ፣ ጠመንጃ፣ ሁሉ ነገር እዚያ ላይ ነው። ናንሰን የላይ ልብሱን ጥሎ ዘለለ። ዮሃንሰን ዳር ላይ ወዲያ ወዲህ ከማለት በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ናንሰን ሲደርስ እጁ ደንዝዞ መውጣት አቃተው፤ በመከራ አንድ እግሩን ሰቅሎ ወጣ። መቼም የማይረባው ነገር ይገርማል፤ እየተንቀጠቀጠ ሲመለስ ሁለት ወፎች አየና ለእራት ተኩሶ ጣላቸው። ዮሃንሰን እርጥቡን ልብስ አውልቆ ከረጢቱ ውስጥ አስገብቶ፣ ያገኘውን ሁሉ ከላይ ከምሮ አሞቀው። ዛሬም ቢሆን በብርድ ለተመታ ሰው የሚደረገው የመጀመሪያ እርዳታ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ እርጥቡን ማውለቅ፣ ማድረቅ፣ መሸፈን።

ከአምስት ቀን በኋላ ናንሰን የውሻ ድምፅ ሰማ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ጃክሰን ከ1894 ጀምሮ በዚያው ደሴቶች ኬፕ ፍሎራ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ ሁለቱ ኖርዌጂያውያን ይህን ሳያውቁ ነው የከረሙት። ሲመዘኑ ናንሰን 10 ኪሎ፣ ዮሃንሰን 6 ኪሎ ያህል ጨምረው ተገኙ! በግሪንላንድ ስብ ያማረው ሰው በዋልታው ክረምት ስብ ጠግቦ ወጣ ማለት ነው። ኦገስት 13 ቀን ቫርዶ ገቡ፤ ፍራምም በዚያው ቀን ከበረዶው ወጣች። ከ13ቱ ሰዎች አንድም አልሞተም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ስትለይ በዲፕሎማሲው ተሳተፈ፤ ከ1906 እስከ 1908 በለንደን የአገሩ መልእክተኛ ነበር። ኤቫ በ1907 በሳንባ ምች ሞተችበት። ዮሃንሰንም ብዙ አልኖረም፤ ከአሙንድሰን ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ ሄዶ ተጣልቶ ከተመለሰ በኋላ በ1913 ራሱን አጠፋ።

በ1920 የመንግሥታት ማኅበር በሩሲያና በሌሎች አገሮች የቀሩትን የጦር እስረኞች ወደየአገራቸው እንዲመልስ ናንሰንን ሾመው። ብዙዎቹ ሳይቤሪያ ነበሩ፤ እዚያ ተጨማሪ አንድ ክረምት ማለት ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በጉባኤው አልነበረም። እስከ 1922 ከ400,000 በላይ ሰዎች ተመለሱ።

የከፋው ግን በ1921 በቮልጋ አካባቢ የወደቀው ረኃብ ነው። በሴፕቴምበር ጄኔቫ ላይ ቆሞ፣ ወንዞቹ ሳይረጉና መንገዱ ሳይዘጋ እህሉ አሁኑኑ መነሣት እንዳለበት፣ እህልም መርከብም እንዳለ አስረዳ። የጠየቀው ብድር አምስት ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። መንግሥታቱ ለቦልሼቪኮች ጉልበት እንሰጣለን ብለው ፈሩና እምቢ አሉት። በፍራንዝ ዮሴፍ ክረምቱ ሲመጣ አይቶ፣ በአንድ አጥንትና በአንድ ግንድ ተዘጋጅቶ ነበር። እዚህ ግን ክረምቱ መቼ እንደሚገባ እያወቀ፣ የሚዘጋጅበት እጅ የእሱ አልነበረም። በዚያው ክረምት መጀመሪያ ወደ ቮልጋ ራሱ ሄዶ ያየውን ፎቶግራፍ ይዞ፣ ከአገር አገር እየዞረ ገንዘብ ለመነ። የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ከሱ ድርጅት የበለጠ ሰው መገበ፤ ቢሆንም ሚሊዮኖች አለቁ። በ1922 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው ገንዘቡን ለእርዳታ ሥራ አዋለው።

በዚያው ዓመት አገር አልባ ለሆኑ ሩሲያውያን በስሙ የሚጠራው የጉዞ ወረቀት ወጣ፤ በ1924 ለአርመኖችም ተፈቀደ። (እነ አርባ ልጆች የሚባሉትን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው በዚሁ በ1924 ነው።) ናንሰን ሜይ 13 ቀን 1930 ኦስሎ አጠገብ በቤቱ በረንዳ ላይ ሞተ። የተቀበረው በኖርዌይ ብሔራዊ በዓል ቀን፣ ሜይ 17 ነው።

ፍራም ዛሬ ኦስሎ ውስጥ ሙዚየም ሆና ትጎበኛለች። ጎጆዋ ደግሞ ጃክሰን በተባለው ደሴት ላይ የድንጋዩ ጉድጓድ ቀርቷል፤ የቆዳውን ጣሪያ የተሸከመው ግንድም እዚያው ወድቆ ይታያል።